ኪኒኑ የሚያልቅበት ቀን

(ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ፣ ከእድር ስብሰባ በኋላ የተናገርኩት ነው። ያን ቀን ያልመጡ ሰዎች እንዲያነቡት ጻፈው ስለተባልኩ ጻፍኩት። እዚያ የረሳሁትን እዚህ ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። የእድሩ ዳኛ አስር ደቂቃ ሰጥተውኛል። አስር ደቂቃ እንደማይበቃኝ እሳቸውም ያውቃሉ። ቡናው እስኪደርስ ታገሱኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ገበያ ላይ ስታገኙኝ "ዶክተር" ትሉኛላችሁ። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ሐኪም ያዘዘውን ቆጥሬ የማስረክብ፣ ከመስኮቱ ወዲያ የማወራችሁ ሰው ነኝ። መስኮቷ ትንሽ ናት፤ የሚታይባት ግን ብዙ ነው።

የዛሬው ወሬዬ ስለሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ለበሽታው ሌላ ስም የሚያወጣለት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስሙን እዚህ አልደግመውም። የአንጎል በሽታ ነው። በአረፋ አይተላለፍም፣ የወደቀን ሰው በመንካትም አይተላለፍም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ ያጠኑትና በ1990 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት አለ። ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ላይ በሽታውን አግኝተዋል። የዚህ እድር አባላት ከነቤተሰቦቻችሁ ብትቆጠሩ ሺህ አትሞሉም? ስለዚህ ስለ ሩቅ ሰው አይደለም የማወራው። ማን ቤት እንዳለ ደግሞ አልናገርም። መስኮቱ አፍ የለውም።

ባለፈው ክረምት፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት እናት መጡ። ዝናብ ደብድቧቸዋል። ሰላምታም ሳይሰጡኝ፣

"ልጄ፣ ይሄ መድኃኒታችሁ አይሠራም" አሉኝ።

"የቱ መድኃኒት እማማ?"

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ኪኒኖቹን መስኮቱ ላይ ዘረገፏቸው። ፊኖባርቢታል ነው። የአስራ አራት ዓመት ልጃቸው በየማታው አንድ ፍሬ እንዲወስድ ታዝዞለታል። አንድ ላይ ቆጠርን። እኔ በጣቴ እየገፋሁ፣ እሳቸው በከንፈራቸው። አስራ ዘጠኝ ፍሬ። ሁለቱ እርጥበት ነክቷቸው ጠርዛቸው ፈርፍሯል። ካርዱን አየሁት። 30 ፍሬ የተሰጣቸው ከ28 ቀን በፊት ነው። ሁለት ብቻ ነበር መቅረት የነበረበት።

"እማማ፣ የአስራ ሰባት ማታ ኪኒን እዚህ ተቀምጧል።"

"ደህና በዋለ ቀን ምን ሊሆነው ብዬ እሰጠዋለሁ? ሲከፋው ነው የምሰጠው። ደግሞስ ቶሎ ካለቀ ከየት ይመጣል?"

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። የሚሉት ሞኝነት አልነበረም። የራስ ምታት ኪኒን የሚወሰደው ራስ ሲያም ነው። ማንም ሰው ጭንቅላቱ ደህና እያለ ፓራሲታሞል አይውጥም። እሳቸውም ያን የሚያውቁትን ሕግ ነው ወደዚህ ያመጡት። ቆጥበውም ነው። ጥፋቱ የእንደኔ ያለ ባለሙያ ነው፤ "ማታ ማታ አንድ" ብሎ ቆጥሮ ሰጥቶ፣ ለምን እንደሆነ ያልነገራቸው ሰው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ታችዋ ትንሽ የምታፈስ እንስራ አስቡ። በየማታው አንድ ጣሳ ውሃ ትጨምሩባታላችሁ። በአንድ ማታ አትሞላም። ከሚፈሰው የሚጨመረው እየበለጠ ቀስ በቀስ ከፍ ትልና አንድ ቦታ ላይ ትረጋለች። ፊኖባርቢታልም እንደዚያ ነው። ከአዋቂ ሰው ሰውነት ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 4 ቀን ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ልኩ ላይ ለመድረስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን "ምንም አላየሁበት" የሚለኝ ሰው ውሃው ገና ከእንስራዋ ወገብ ሳይደርስ ነው የሚፈርድባት።

አሁን የዛሬው ዋና ነገር መጣ። የምትሞላው ቀስ ብላ እንደሆነች ሁሉ፣ የምትጎድለውም ቀስ ብላ ነው። ሰውየው ኪኒኑን ዛሬ ቢተው ነገ አይወድቅም። ከነገ ወዲያም ላይወድቅ ይችላል። እንስራዋ ውስጥ ያለው የትላንት ውሃ ይዞታል። አራት ቀን፣ አምስት ቀን ደህና ይሆናል። እንዲያውም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ ይቀንስለትና ቀለል ይለዋል። "ያለሱም ደህና ነኝ" ይላል። ከዚያ ውሃው ከልኩ በታች ይወርድና ይጥለዋል። አንዳንዴም ከበፊቱ ብሶ፣ አንዱ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ። ይሄኛው ይገድላል።

ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ክፍተቱ ነው። ኪኒኑ የሚያልቅበት፣ የሚረሳበት፣ የሚተውበት ቀን። ያን ቀን ብዙ ነገር ያመጣዋል።

አንዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። የምሠራበት ጤና ጣቢያ ፊኖባርቢታል አለቀበት። ሴት ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንድ አባት ካርዳቸውን ይዘው መጡ። "የለም፣ የሚመጣው ሳምንት ተመለሱ" አልኳቸው። በቃ። አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። የሚመጣው ሳምንት ወንዙ ሞላ። ሲመለሱ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ልጅቱ እንጀራ ስትጋግር ጥሏት ቀኝ እጇ ምጣዱ ላይ አርፏል። አባትየው አልተቆጡኝም። "ተመለሱ ብለኸን መጣን" ነው ያሉት። ምነው በተቆጡኝ ኖሮ።

ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ። ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ መደወል። ሐኪሙን በምን እንተካላቸው ብሎ መጠየቅ። ከግል መድኃኒት ቤት እንዲገዙ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፎ መስጠት። ዛሬ "የለም" ብሎ የሚመልሳችሁ ሰው ካለ፣ እኔም ብሆን፣ መስኮቱን አትልቀቁ። "የት ላግኘው? እስከዚያ ምን ልውሰድ?" በሉ። ወረፋው ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ከናንተ በኩል የምለምናችሁ፣ አስር ፍሬ ሲቀር ኑ። ሁለት ሲቀር አይደለም። ወንዝ ይሞላል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም እንዳለ ለናንተ አልነግራችሁም። ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ልጅ ካላችሁ፣ ቀድሞ ይምጣና ለሚቆይበት ጊዜ ሁሉ የሚበቃውን ከሐኪሙ ያስጽፍ። እዚያ ወባ ቢይዘው ደግሞ "የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ" ብሎ ይናገር። ከኛ ኪኒኖች ብዙዎቹ ጉበት ሌላ መድኃኒትን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉና ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ጉልበት ሊቀንሱበት ይችላሉ። ሜፍሎኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት ደግሞ ራሱ ሊጥል ስለሚችል ለሱ አይሆንም።

ወደ ጸበል ልግባ። አንዳንዶቻችሁ ይሄን እየጠበቃችሁ እንደሆነ ፊታችሁ ይነግረኛል። እኔ ራሴ ጸበል እሄዳለሁ። ጸበል አትሂዱ የሚል ነገር ከኔ አትሰሙም። ግን እንስራዋን አስታውሱ። ሰውየው ጸበል ገብቶ ኪኒኑን ይተዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነው። ቤተሰቡ እልል ይላል፣ ኪኒኑን ይጥላል። በሁለተኛው ሳምንት እዚያው ጸበሉ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት የያዘው በሰውነቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ነበር። የጠየቅኳቸው ቄስ ሁሉ እስካሁን "ሁለቱንም ያዝ" ነው ያሉኝ። የናንተ የንስሐ አባት የተለየ ነገር ካሉ እኔ ዘንድ ይዛችኋቸው ኑ፤ ቡና በኔ።

አንድ የሙያ ነገር ብቻ። ጸበል ጠጥቶ የሚያስመልሰው ሰው ኪኒኑንም አብሮ ያወጣዋል። ስለዚህ ጸበሉ በጠዋት፣ ኪኒኑ በማታ ይሁን። ካርባማዜፒን የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ውሃ ባይጠጣ ይሻላል። መድኃኒቱ በራሱ የደም ጨው ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ውሃ ሲታከልበት ጨው የበለጠ ይወርዳል። የወረደ ጨው ሰው ይጥላል።

ጾምም ቢሆን ከኪኒኑ ጋር የሚያጣላ ነገር የለውም። ፊኖባርቢታል በቀን አንዴ፣ ማታ ነው የሚወሰደው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማችሁ፣ ማታ እራታችሁን በልታችሁ ትውጡታላችሁ። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ የታዘዘለት ሰው ግን ጠዋቱን ዝም ብሎ እንዳይዘለው። ንስሐ አባቱንም እኛንም ያማክር፤ ሰዓቱን የሚያመቻች መንገድ አይጠፋም። በቀን ሁለቴ ሲባል በየአስራ ሁለት ሰዓቱ ማለት ነው። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። አንድ አባት ወረቀታቸው ላይ "1 ሰዓት፣ 1 ሰዓት" ብዬ ብጽፍላቸው፣ ደግሞ የጻፍኩት መስሏቸው አንዱን ሰርዘው በቀን አንዴ ሲወስዱ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይና ጨረቃ እስልላችኋለሁ። ሥዕሌ ግን አያምርም።

ማታ ረስታችሁት ጠዋት ትዝ ካላችሁ፣ ያኔውኑ ውሰዱት። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ የረሳችሁትን ተዉት። ለማካካስ ብሎ ሁለት በአንዴ መዋጥ የለም። በተለይ ፌኒቶይን የሚባለው ትንሽ ሲጨመርበት ደም ውስጥ በብዙ ይዘላል። ሰውየው ሳይጠጣ እንደሰከረ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ በዚያው ቀን አምጡት። ፌኒቶይን ድድም ያሳብጣል፤ ጥርስ በደንብ መፋቅ ያስፈልጋል።

ይሄ ፊኖባርቢታል ያረጀ ነው የሚል አለ። እውነት ነው፣ አርጅቷል። በ1912 በአውሮፓ አቆጣጠር ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው ለሚጥል በሽታ እንደሚሆን ያየው። ለእንቅልፍ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር። የወሰዱት በሽተኞች መውደቃቸው ሲቀንስ አስተዋለ። ያኔ ምኒልክ በሕይወት ነበሩ፤ ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ነበሩ። ዛሬም ከመስኮቴ ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ከመውደቅ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል ከታከሙት መካከል እስከ 70 በመቶው ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ ይላል። እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ አዎ። ልጅን ደግሞ አንዳንዴ በተቃራኒው እረፍት ይነሳዋል፣ ያቁነጠንጠዋል። ይህን ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ይቀይረዋል። ድሮ ለዚህ ሁሉ አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ይኬድ ነበር። አማኑኤል ስል የማቻከሏን ከተማ አይደለም፣ አትሳቁ። ዛሬ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ክትትሉ ደግሞ እዚሁ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል።

አሁን ኪሳችሁ ወይም ቤታችሁ ያለውን የመድኃኒት ማሸጊያ አስቡ። "ጊዜው የሚያልፍበት" ተብሎ የተጻፈው ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 06/2025 የሚል ካያችሁ ሰኔ 2025 እንዳይመስላችሁ። በኛ ሰኔ 2017 ነው። አልፎበታል! "ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል" ብሎ ሳጥን ውስጥ የቆለፈበት ሰው አጋጥሞኛል። ቁጥሩን ካላወቃችሁት ማሸጊያውን ይዛችሁልኝ ኑ፤ ለማንበብ አላስከፍልም።

የት ታስቀምጡታላችሁ? ብዙ ቤት የማየው ከምድጃው በላይ፣ ግድግዳው ላይ በፌስታል ተንጠልጥሎ ነው። ልጅ እንዳይደርስበት ተብሎ ነው፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እንፋሎትና ሙቀት ያገኘዋል። ካርባማዜፒን እርጥበት ሲነካው እንደ ድንጋይ ይደድርና ጉልበቱ ሲሦ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ኪኒን እየዋጡ መውደቅ ማለት ይሄ ነው። ከምድጃ ራቅ ያለ፣ ደረቅ፣ የሚቆለፍ ሳጥን ይሁን። ቁልፉ ግድ ነው። ፊኖባርቢታል በብዛት የዋጠ ሕፃን ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ከማሸጊያው አውጥታችሁ ነጠላ ጫፍ ላይ አትቋጥሩት። ባለ 30 እና ባለ 100 ሚሊግራም ኪኒን ስላለ፣ ከተቀላቀለ መለየት ይቸግራል። መልኩ ወይም ቀለሙ ካለፈው ወር የተለየ ከሆነ ሳትውጡ በፊት ጠይቁኝ።

የጎረቤት ኪኒን መዋስ ይቅር። የናንተ ፊኖባርቢታል፣ የጎረቤታችሁ ግን ቫልፕሮኤት የሚባል ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሌላ መድኃኒት ስትገዙም፣ ለቲቢም ይሁን ለቫይረሱ፣ ይሄን እንደምትወስዱ ተናገሩ። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ተጠንቀቁ፤ እሱ ራሱ ይጥላል። አረቄ? አታስገድዱኝ። አረቄና ፊኖባርቢታል ሁለቱም ያስተኛሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽ ያስተኛሉ።

ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ አዲስ መድኃኒት በጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ከትኩሳት ወይም ከአፍ መቁሰል ጋር ከመጣ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ኑ።

ለሴቶች ትንሽ ላቆይ። እናቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል። ቫልፕሮኤት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለእርጉዝ ግን አይሆንም። በእርግዝና ጊዜ ከወሰዱት እናቶች ከሚወለዱ 10 ልጆች አንዱ ገደማ የአካል ጉዳት ይኖረዋል። ከ10 ሦስት ወይም አራቱ ደግሞ በአእምሮ እድገት ይጎዳሉ። ስለዚህ ልትወልድ የምትችል ሴት ልጅ ይሄ ከታዘዘላት "ሌላ የለም ወይ?" ብላ ትጠይቅ። ያረገዘች ሴት ግን ደንግጣ መድኃኒቷን በራሷ እንዳትተወው። በሚጥላት ጊዜ እሷም ጽንሱም ይጎዳሉ። ቶሎ ትምጣ፣ እኛ እንቀይርላታለን። ከማርገዟ በፊት ብትመጣ ደግሞ ፎሊክ አሲድ እናስጀምራታለን።

ሌላው ብዙም የማይነገር ነገር። ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ያከሽፋሉ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም እንዲሁ። "ተቀብሮልኝ እያለ አረገዝኩ" ብላ ባሏ የጠረጠራት ሴት አውቃለሁ። ምንም አላጠፋችም። የሦስት ወሩ መርፌና ሉፕ ግን ከነዚህ ጋር ይሠራሉ።

ሲጥለው ምን እናድርግ ለምትሉ፣ ባጭሩ። ከእሳቱ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት እዩ። ክብሪት አታሽቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፤ ውሃም፣ ኪኒንም። እየጣለው ኪኒን ማጉረስ ያንቀዋል። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ባገኛችሁት መኪና ወደ ጤና ጣቢያ።

"እስከ መቼ ነው የምንወስደው?" ትሉኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሳይወድቅ ሁለት ዓመት ከሞላው፣ ሐኪሙ ለመቀነስ ሊያስብ ይችላል። የሚቀንሰውም በወራት ነው፣ ከእንስራዋ በጣሳ እየቀዳ። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ዕድሜ ልኩን የሚወስድ አለ። በራሳችሁ ግን አንድ ፍሬም አትቀንሱ።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቆም ስል ቡናው ደረሰ። ጥያቄ ተባለ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚጠይቅ ሰው ሁሉም ዞሮ የሚያየው ሰው ነው። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ነጠላውን ደርቦ የተቀመጠ አንድ የቅኔ ተማሪ ነበር። አስራ ስምንት ቢሆነው ነው። እጁን ግማሽ ድረስ አወጣ።

"አንድ ጓደኛዬ" አለ። "ጓደኛዬ ማታ ኪኒን ይወስዳል። ግን በበዓል ማኅሌት ሌሊቱን ይቆማል። ኪኒኑን ከወሰደ ቆሞ ይተኛል። ስለዚህ በበዓል ዋዜማ ይተወዋል። ይጎዳዋል?"

ይጎዳዋል አልኩት። በሁለት በኩል። ኪኒኑ ይዘላል፣ እንቅልፉም ይዘላል። እንቅልፍ ማጣት ለብቻውም ቢሆን ይጥላል። ኪኒኑን በሰዓቱ ይውሰድ፣ ቀን አስቀድሞ ይተኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ አይቁም። ከተቻለ መምህሩን ያስፈቅድ።

"መምህሩ አያውቁም" አለ ልጁ።

መሪጌታው ከሱ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጠው ኖሯል። ስኒያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ልጁን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩት።

"ለጓደኛው ንገርልኝ" አሉ። "ለቅዱስ ዮሐንስ እስከ መንፈቀ ሌሊት ቆሞ ይተኛ። መቋሚያውን እኔ አስቀምጥለታለሁ።"